ኮልት ይበረታል ማካሮቭ? ከጋይንት መንገድ የተነሳ የጥይት ታሪክ

ባለፈው ክረምት ለለቅሶ እስቴ ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳሳ ሲል አጎቴ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ መሐንዲስ ነኝ ትል የለም እንዴ? እስቲ ንገረኝ፤ ኮልት ይበረታል ማካሮቭ?» አሉኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አጎቴ ፈቃድ ያለው አንድ ማካሮቭ ሽጉጥ አላቸው። አንድ ሰው ደግሞ አሮጌ የአሜሪካ ኮልት «በማካሮቭህ ላይ የላም ዋጋ ጨምርና ውሰደው» ብሏቸዋል። ያማለላቸው አፈሙዙ ነው። «ቀዳዳው ጣት ያስገባል!» ይላሉ። (አያስገባም፤ 11.43 ሚሊ ሜትር ነው። ቢሆንም ከማካሮቭ አጠገብ ሲቀመጥ እውነትም ያስፈራል።) እኔ የማጠናው ሜካኒካል ምህንድስና ነው፤ በተለይ ሞላ ስንት ሺህ ጊዜ ተጨምቆ ሲለቀቅ እንደሚደክም። ሽጉጥ ውስጥ ሞላ አለና ጥያቄው ከሙያዬ ውጪ ነው ብዬ ማምለጥ አልቻልኩም። በመጀመሪያ ያልኳቸው፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መግዛትም መለዋወጥም በአዋጅ 1177/2012 እንደሚያስጠይቅ ነው። እሱን እንደማውቀው ያውቁታል፤ የጠየቁኝ ሌላ ነው። «ደውዬ እነግርዎታለሁ» ብዬ ተለየኋቸው። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትንና ያሰላሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

«ትልቅ ቀዳዳ ትልቅ ኃይል ነው» የሚለው ሐሳብ በእኛ አገር አዲስ አይደለም። እንዲያውም ትልቁ ምሳሌ ያለፈው በዚያው በአጎቴ ሰፈር በኩል ነው ማለት ይቻላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ከሁሉም ትልቁ ሴባስቶፖል ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ጋይንትን አቋርጠው፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ወጥተው፣ ጅጣንና በሽሎን ተሻግረው መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኗል። አምስት ወር ተኩል ገደማ ማለት ነው። መድፉን የሚጎትተው በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ነበር፤ መንገዱም እየተቆረጠ፣ ገደሉም እየተናደ ነው የታለፈው። ዛሬ በደርግ ዘመን ቻይናውያን በሠሩት መንገድ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በነፋስ መውጫ ጨጨሆ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

እዚህ ላይ አንዴ ወጣ ልበል። የሴባስቶፖል ክብደት «70 ቶን ነው» የሚል ጽሑፍ በየቦታው ታገኛላችሁ። እስቲ እናስላው። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ነሐስ 8.7 ቶን ገደማ ይመዝናል። 70 ቶን ነሐስ ማለት 8 ኪዩቢክ ሜትር ነው፤ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ድፍን ብረት፣ ማለትም አንድ ትንሽ ክፍል ከወለሉ እስከ ጣሪያው በነሐስ ተሞልቶ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን አምሳያ ያየ ሰው ይህ እንደማይሆን ያውቃል። ትክክለኛው 7 ቶን አካባቢ ነው። አንድ ዜሮ የጨመረው ሰው ለንጉሡ ክብር የጨመረ መስሎት ይሆናል። 7 ቶን በሰው ጉልበት ጨጨሆን ማውጣት ግን በራሱ የሚበቃ ተአምር ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ስፋት ምን አደረገ? ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ሜዳ ላይ ከፋላ አምባ የተተኮሱት የንጉሡ መድፎች ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ አልፈው ሄዱ። ወደ ታች የወረደው የኢትዮጵያ ጦር ደግሞ የገጠመው ስናድር ጠመንጃን ነው። ስናድር በውጊያ ላይ ሲፈተን ይህ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ከሰዓት በኋላ ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ፣ ከ1,000 በላይ ቆሰለ። ከእንግሊዞች የቆሰሉት 20 ናቸው፤ ከእነሱ ሁለቱ በኋላ ሞቱ።

አሁን መሐንዲሱን የሚያስገርመው ይህ ነው፤ የስናድር አፈሙዝ 14.7 ሚሊ ሜትር ነው። የቴዎድሮስ ወታደሮች የያዙት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃም በስፋት ከዚያ ብዙ የሚያንስ አልነበረም። ልዩነቱ ስፋቱ አይደለም። ስናድር ከኋላ ይጎርሳል፤ ባሩዱ፣ እርሳሱና ማቀጣጠያው በአንድ ቀለህ ውስጥ ታሽገው ይመጣሉ። አንድ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ ይተኩሳል። ከፊት የሚጎርሰው ጠመንጃ ግን ባሩድ አፍስሶ፣ እርሳስ ከትቶ፣ በዘንግ ደልድሎ፣ ማቀጣጠያ ሰክቶ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ባሩዱን ሸፍኖ በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው። አሮጌ ላይ ያሸነፈው የታሸገ ጥይት ነው። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ማሠራት ችለዋል፤ ያንን ቀለህ የሚያወጣ ማሽን ግን ጋፋት አልነበረም።

ከሦስት ቀን በኋላ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን የሰዉበት መሣሪያ ደግሞ ንግሥት ቪክቶሪያ በቆንስል ካሜሮን በኩል የላከችላቸው ሽጉጥ ነው። ከትልቁ መድፍ እስከ ትንሿ ሽጉጥ፣ የአንድ ሰው ታሪክ በሁለት አፈሙዝ መካከል ተፈጸመ። ሽጉጥ የሚለው ስም ራሱ «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ስለ ጉልበቱ ምንም አይልም፤ የሚናገረው ስለ አያያዙ ነው።

ወደ አጎቴ ጥያቄ እንመለስ። «ይበረታል» ስንል ምን ማለታችን ነው? አንዱ መለኪያ የእንቅስቃሴ ጉልበት ነው፤ የእርሳሱ ክብደት ግማሽ ሲባዛ በፍጥነቱ ስኩዌር። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ። የማካሮቭ እርሳስ 6.1 ግራም ነው፣ በሰከንድ 315 ሜትር ይሄዳል፤ ጉልበቱ 300 ጁል ገደማ። የኮልቱ እርሳስ 14.9 ግራም ነው፣ በሰከንድ 253 ሜትር፤ 477 ጁል። እስከዚህ አጎቴ ልክ ናቸው። አሁን ደግሞ ቶካሬቭን ጨምሩበት፤ አፈሙዙ 7.62 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ እርሳሱም 5.5 ግራም። ነገር ግን በሰከንድ 430 ሜትር ያህል ስለሚበር ጉልበቱ ከ500 ጁል ያልፋል። ከሦስቱ ጠባቡ በዚህ መለኪያ አንደኛ ወጣ! «ጣት ያስገባል» የሚለው መለኪያ እዚህ ላይ ወደቀ። ለንጽጽር ያህል ክላሽ 2,000 ጁል ገደማ አለው፤ የዓድዋው ውጅግራ 2,500። ከክላሽ ጎን ሲቆም የትኛውም ሽጉጥ ልጅ ነው። በሽጉጦች መካከል ያለው የ«ኃይለኛ» ክርክር በዚህ ጠባብ ክልል ውስጥ ያለ ክርክር መሆኑን መርሳት አያስፈልግም።

ኮልት ለምን ያን ያህል ሰፋ? ይህ የከብት ታሪክ ነው፤ ላም ሸጦ ሽጉጥ ሊገዛ ላሰበ ሰው ደግሞ በተለይ ይስማማል። አሜሪካኖች ፊሊፒንስ ውስጥ ከሞሮዎች ጋር ሲዋጉ ባለ .38 ሪቮልቨራቸው ጠላትን ቶሎ አላቆመልንም ብለው አማረሩ። እ.ኤ.አ. በ1904 ሻለቃ ላ ጋርድ የተባለ ሐኪምና ቶምፕሰን የተባለ መኮንን ቺካጎ ቄራ ሄደው ልዩ ልዩ ጥይት በከብቶችና በአስከሬን ላይ ሞከሩ። ውጤቱ የተዘበራረቀ ነበር፤ በትልቁም በትንሹም ተመትተው ቆመው የቆዩ ከብቶች ነበሩ። ይሁንና ሪፖርቱ «ከ.45 ያነሰ አይሁን» ብሎ ደመደመ። እኔ የማስተርስ ጥናቴን እንዲህ ባለ ሙከራ ባቀርብ አማካሪዬ በር ያሳየኝ ነበር። የሆነው ሆኖ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ኮልት እ.ኤ.አ. በ1911 6,000 ጥይት ያለ አንድ መሰናከል ተኩሶ ፈተናውን አለፈ፤ የአሜሪካ ጦር ሽጉጥም ሆነ።

የብራውኒንግ ሊቅነት የሚታየው ግን ከስፋቱ ይልቅ አቆላለፉ ላይ ነው። ይህን ክፍል ትንሽ ልዘርዝረው፤ ሙያዬ ነው። ሽጉጥ ሲተኮስ ጋዙ እርሳሱን ወደ ፊት እንደሚገፋ ሁሉ ቀለሁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በማካሮቭ ላይ ቀለሁን የሚይዘው የቃታው (የላይኛው ተንሸራታች ብረት) ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው። ምንም ቁልፍ የለም። ቃታው 300 ግራም ነው ብለን እናስብና እናስላ፤ የማካሮቭ እርሳስ ወደ ፊት የሚወስደው ግፊት 1.9 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ስለሆነ፣ ቃታው ወደ ኋላ በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሞላው ይችለዋል። የኮልቱን ጥይት በዚያው አሠራር ብንተኩሰው ግን ግፊቱ 3.8 ነው፤ ፍጥነቱ ወደ 13 ሜትር ይወጣል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ ማለት ሞላው ሊውጠው የሚገባው ጉልበት አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ወይ ቃታው እንደ መዶሻ ይከብዳል፣ ወይ ሽጉጡ ራሱን ይቀጠቅጣል። ብራውኒንግ ያደረገው በርሜሉንና ቃታውን በጥርስ አቆላልፎ አብረው ወደ ኋላ እንዲሄዱ ነው። እርሳሱ ወጥቶ ግፊቱ ሲወድቅ በርሜሉ ዝቅ ይልና ጥርሱ ይላቀቃል፤ ያኔ ቃታው ብቻውን ሄዶ ቀለሁን ይተፋል። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ ባለ ኃይለኛ ጥይት ሽጉጦች የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ታዲያ ኃይለኛ ጥይት የሚመርጥ ሰው ሳያውቀው የበለጠ ውስብስብ መቆለፊያ እየመረጠ ነው። መቆለፊያው ያልቃል፤ ሞላው ይደክማል፤ መለዋወጫ ይፈልጋል።

ሩሲያዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። ቶካሬቭ እያላቸው እ.ኤ.አ. በ1951 ሆን ብለው ደካማውን ማካሮቭ ተቀበሉ። ለመኮንን ሽጉጥ የመጨረሻ መከላከያ ነው፤ ቀላል፣ ቁርጥራጩ ጥቂት፣ የማይሰናከል ይሁን አሉ። ክብደቱም 730 ግራም ነው፤ ኮልቱ ባዶውን 1.1 ኪሎ ነው።

ኮልት እኛ ዘንድ እንዴት ደረሰ? በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ነው። የቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ኮሪያ ሲደርስ የአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦርን ተቀላቀለ፤ የታጠቀውም የአሜሪካ መሣሪያ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 1945 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ፈረሙ፤ ከዚያ ወዲያ ለ24 ዓመት ያህል ጠመንጃውም ጥይቱም ከአሜሪካ ይመጣ ነበር። በ1969 ሚያዝያ ደርግ የአሜሪካን ወታደራዊ ሚሲዮን አባረረ፤ ቃኘው ጣቢያም ተዘጋ። በዓመቱ በሶቪየት አውሮፕላን የጎረፈው መሣሪያ ክላሽንኮቭና ማካሮቭ ይዞ ነበር። የኮልቱ ብረት በአንድ ቀን አልተበላሸም። የተቆረጠው የጥይቱ መንገድ ነው።

ይህ ለእኛ ሰው የመጀመሪያው አልነበረም። የአያቶቻችን የመሣሪያ ስሞች ራሳቸው የጥይት መንገድ ካርታ ናቸው። ስናድር ሲል እንግሊዝ፣ ውጅግራ ሲል ፈረንሳይ፣ ቤልጅግ ሲል ስሙም አገሩም አንድ ነው፤ ቤልጅጎች በ1922 ዓ.ም. ገደማ ክቡር ዘበኛን ለማሠልጠን መጥተው ነበር። ዓድዋ ላይ የዘመተው ጦር የያዘው ጠመንጃ ብዙ ዓይነት ስለነበር የአንዱ ዝናር ለሌላው አይሆንም። ጣልያን ሲመጣ ደግሞ የመኮንኖቹ ሽጉጥ ቤሬታ 1934 ነበር። የደብረ ታቦር ጦር ሰፈር በ1933 ክረምት፣ ጎንደር ደግሞ ኅዳር 1934 እጃቸውን ሲሰጡ ፋብሪካው በጠላት አገር የሆነ ጥይት አብሮ ቀረ።

ቤሬታን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ገጠር ሄዳችሁ «የምን ጥይት ነው?» ብትሉ «ዘጠኝ ነው» ይሏችኋል። የትኛው ዘጠኝ? የቤሬታው ቀለህ 17 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ የማካሮቭ 18፤ የቤልጅጉ ብራውኒንግ 19። ሦስቱም «ዘጠኝ» ናቸው። ጉልበታቸው ግን በቅደም ተከተል ወደ 260፣ 300 እና 490 ጁል ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያስገርመው፣ የማካሮቭ እርሳስ እውነተኛ ስፋቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሌሎቹ 9.02 ነው። ሩብ ሚሊ ሜትር። በዓይን አይለይም፤ በርሜል ግን ይለየዋል። አንዱን በሌላው ውስጥ መሞከር እጅን ወይም ዓይንን ማስያዣ ማድረግ ነው።

ለዚህ ነገር ከጋይንት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው። ደብተራው ድጓውን የትም ይማር የት፣ የሚመሰከርለት እዚያ ሲያስመሰክር ነው። ምልክቱን ጎጃም የተማረውም ወሎ የተማረውም አንድ አድርጎ እንዲያዜመው የሚያደርገው ያ ምስክር ነው። መሐንዲሶች ደረጃ ወይም ስታንዳርድ የምንለው ይህንኑ ነው። በጥይት ዓለም ውስጥ ምስክር ቤቱ ጦሩንና ፋብሪካውን የሚያዝ መንግሥት ነው። አሜሪካኖች እንኳ ቺካጎ ድረስ ሄደው የመረጡትን .45 እ.ኤ.አ. በ1985 ትተው ወደ 9 በ19 ዞረዋል፤ የገዙትም የጣልያኑን ቤሬታ ነው። ከምክንያቶቹ ትልቁ ከሌሎች የኔቶ አገሮች ጋር አንድ ጥይት ለመጋራት ነው። ያን ሁሉ ፋብሪካ የያዘ አገር ለጥይት መንገድ ሲል ስፋቱን ከተወ፣ እስቴ ያለ ገበሬ ምን ይሁን?

ባለፈው ሳምንት ለአጎቴ ደወልኩ። ስለ ጁሉ ትንሽ ሞከርኩ፤ «እሺ፣ እሺ» አሉኝ፣ አልሰሙኝም። ስለ ሞላው ግን ሰሙኝ፤ የወፍጮ ቤት ሞላ ሲደክም አይተው ያውቃሉ። ከዚያ፣ «ኮልቱ ከስንት ጥይት ጋር ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አራት።»

«ሌላ ከየት ያገኛሉ?»

ዝም አሉ። ሰውየው ፍሬዎቹን ለናሙና ትቶላቸው ስለነበር ከቀለሁ ሥር የተጻፈውን እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። መነጽራቸውን ፈልገው መጡ። «የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ከሥሩ 43 ይላል። አንዱ አረንጓዴ አውጥቷል» አሉ። የአሜሪካ ጦር ጥይት ላይ እንዲህ ያለው ሁለት አኃዝ የተሠራበት ዓመት ነው። ስለዚህ በፈረንጅ 1943 ማለት ነው፤ ጣልያን ከጎንደር በወጣ በሁለት ዓመቱ።

«አያ፣ እነዚህ ጥይቶች በዕድሜ እርስዎን ይበልጣሉ» አልኳቸው።

ሳቁ። ቀጥለውም፣ «ታዲያ ላሟን አልሸጣትም ነው የምትለኝ?» አሉኝ።

«አይሽጧት።»

«አየ፣ ግን እኮ ቀዳዳው…» ሲሉ ኔትወርኩ ተቆረጠ።